ለማየትና ለመታየት፦ የቀን መብራት ባላቸው መኪኖች ላይ የፊት መብራት ስለ መቀየር

(በጌጫ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ለአንድ የፊዚክስ መምህር ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ የመኪና አምፖል ነው። ከማሻ በጌጫ በኩል ወደ ቴፒ የሚወርደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። አካባቢያችን በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የሸካ ደን አለ፤ ከደኑ ጉም ሲወርድ ቀኑ ሳይመሽ ይመሻል። በዚያው ጉም ውስጥ ቡና የጫነ አይሱዙ፣ ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ ሞተር ሳይክል፣ ማርና ቆጮ ተሸክሞ ከገበያ የሚመለስ እግረኛ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ።

የምናገረውን ነገር በጥቅሉ ላስቀምጥ። የመኪና መብራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው አሽከርካሪው እንዲያይ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው አሽከርካሪው በሌሎች እንዲታይ ማድረግ ነው። ሁለቱን ሥራዎች ሳይለይ መብራት የሚቀይር ሰው ሁለቱንም ሊያበላሽ ይችላል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም፤ ራሴ አበላሽቼው ስለማውቅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እነዳት የነበረችው መኪና ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠራች ነበረች። ሞተሯ እንደተነሣ የፊት መብራቶቿ ማንም ሳይነካቸው ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። አምፖሎቿ ስለደከሙብኝ ብርቱ ነጭ ብርሃን የሚሰጡ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ገዝቼ አጭሩንም ረጅሙንም መብራት አስቀየርሁ። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ሊመሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ፣ ከማሻ ወደ ጌጫ ስመጣ ጉም ወረደ። መንገዱ ከፊቴ ነጣ ብሎ ይታየኝ ስለነበር መብራት እንዳበራሁ ቆጥሬ ማብሪያውን አልነካሁም። ከአንድ ጠመዝማዛ ስወጣ ከፊት ለፊቴ ይመጣ የነበረ ሞተር ሳይክል ወደ ዳር አዘንብሎ ከውኃ መውረጃው ቦይ ገባ።

ደንግጬ ቆምሁ። ወጣቱ ጉልበቱ ተልጦ ተነሣ፤ ከኋላው የጫነው የእሸት ቡና ጆንያ ግን ተቀድዶ ፍሬው ጭቃው ላይ ፈሰሰ። ቁጣ እጠብቅ ነበር። እርሱ ግን እጁን ከዓይኑ ሳያነሣ «ጋሼ፣ እባክዎ መጀመሪያ ረጅሙን ያጥፉልኝ» አለኝ። «ረጅም አላበራሁም» አልሁት። እውነቴን ነበር፤ በዳሽቦርዱ ላይ የረጅም መብራት ምልክት አይታይም። ቡናውን አብረን ስንለቅም አንድ አይሱዙ ከኋላ መጣ፤ ፍሬኑ እየጮኸ ከመኪናዬ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ «አባት፣ በዚህ ጉም ለምን ያለ መብራት ይቆማሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

ከፊቴ የነበረው ሰው መብራትህ በዛ አለኝ፤ ከኋላዬ የነበረው ሰው መብራት የለህም አለኝ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የዛሬው ንግግሬ ሁለቱ ምስክሮች ስለ አንድ መኪና በአንድ ሰዓት ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ የቻሉበትን ምክንያት ማስረዳት ነው።

በኋለኛው ምስክር ልጀምር። የቀን መብራት የምንለው ሞተር ሲነሣ በራሱ የሚበራውን የፊት መብራት ነው። የተፈጠረው አሽከርካሪው እንዲያይ አይደለም፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው መኪናውን ከሩቅ እንዲለየው ነው። ልማዱ የመጣው በክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ከምትውልባቸው ከሰሜን አውሮፓ ሀገሮች ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1972 በክረምት ወራት ከከተማ ውጭ፣ ስዊድን በ1977 ዓመቱን በሙሉ መኪኖች በቀን መብራት አብርተው እንዲሄዱ ደነገጉ። ካናዳ ከ1989 ማብቂያ ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኪኖች የቀን መብራት እንዲኖራቸው አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 ለአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ግዴታ አደረገው። እኛ አገር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየገቡ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የቀን መብራት አላቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች መሆኑ ቀርቷል።

ልብ ልንለው የሚገባን በብዙ መኪኖች ላይ የቀን መብራት የሚያበራው የፊቱን ብቻ መሆኑን ነው። የኋላው መብራት ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ በነበሩት መኪኖች አሽከርካሪው መብራት ካላበራ ዳሽቦርዱም ይጨልምበት ስለነበር ስሕተቱን ቶሎ ያውቅ ነበር። በዛሬዎቹ መኪኖች ዳሽቦርዱ ሁልጊዜ ብሩህ ነው፤ ከፊትም ብርሃን ይታያል፤ አሽከርካሪው ሁሉ ነገር የበራ ይመስለዋል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ካናዳ ከ2021 መስከረም ወዲህ የሚሠሩ መኪኖች ከሦስት መፍትሔዎች አንዱን እንዲይዙ ያዘዘችው ለዚህ ነው፤ ወይ የኋላው ከቀን መብራቱ ጋር አብሮ ይበራል፣ ወይ ሲጨልም ሁሉም በራሱ ይበራል፣ ወይ ዳሽቦርዱ ጨልሞ አሽከርካሪውን ያስታውሰዋል። የአይሱዙው ሾፌር ያላየኝ በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ አምፖሌ ደግሞ መንገዱን ይበልጥ ስላነጣልኝ መብራት አለማብራቴን ይበልጥ ሸሸገብኝ።

አሁን ወደ ፊተኛው ምስክር፣ ወደ ሞተረኛው ልመለስ። የቀን መብራት የሚሠራው በሁለት ዋና መንገዶች ነው። አንዳንድ መኪኖች ለዚህ ብቻ የተሠራ የራሱ መብራት አላቸው። በእነዚህ ላይ የፊት አምፖል መቀየር የቀን መብራቱን አይነካውም። ሌሎች መኪኖች ግን ለብቻው የቀን መብራት የላቸውም፤ የረጅሙን ወይም የአጭሩን መብራት አምፖል ኃይሉን ቀንሰው ለሁለት አገልግሎት ይጠቀሙበታል። ኃይሉ የሚቀነሰው ሁለቱን አምፖሎች በተከታታይ አያይዞ እያንዳንዱ ግማሽ ቮልቴጅ እንዲያገኝ በማድረግ ወይም ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየቆራረጡ በመላክ ነው።

ይህ ብልሃት የተሰላው ለሃሎጅን አምፖል ነው። ሃሎጅን የጋለ ሽቦ ነውና ቮልቴጁ ሲቀንስ ብርሃኑ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ይቀንሳል። በግማሽ ቮልቴጅ የሚሰጠው ብርሃን ከሙሉው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ ቁጥር 87 ለቀን መብራት የሚፈቅደው ብርታት ከ400 እስከ 1200 ካንዴላ ነው፤ የረጅም መብራት ብርታት ግን በአሥር ሺዎች ካንዴላ ይቆጠራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ልዩነት የሚጠብቀው ያ የሽቦው ጠባይ ነው።

የኤል ኢ ዲ አምፖል እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። በውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክል መሣሪያ አለው። ብዙዎቹ አምፖሎች ቮልቴጅ ሲጎድልባቸው ጉድለቱን አካክሰው በሙሉ ኃይላቸው ይበራሉ፤ ሌሎቹ ይርገበገባሉ፤ ሌሎቹም ጭራሽ አይበሩም። የእኔዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ። መኪናዋ ፈዘዝ ያለ የቀን መብራት አብርቻለሁ ብላ የምታምነው ሙሉ ረጅም መብራት ሆኖ ነበር። ማብሪያውን ስላልነካሁት የረጅም መብራት ምልክት አልታየም። ወጣቱ ያየው እውነት ነበር።

ዜኖን የሚባለው አምፖል ደግሞ የባሰ ችግር አለው። ለመነሣት 20,000 ቮልት ያህል የሚተኩስ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ይህም መሣሪያ የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክ ይሻል። በቀን መብራት መስመር ላይ ሲያያዝ ሊነሣ እየሞከረ ይወድቃል፤ ደጋግሞ ሲሞክር መሣሪያው ይቃጠላል። አንዳንድ መኪኖችም የአምፖሉን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ይለካሉ። ኤል ኢ ዲ ጥቂት ስለሚወስድ መኪናዋ አምፖል ተቃጥሏል ትላለች። ይህን ዝም ለማሰኘት ባለ 6 ኦም ማገጃ የሚጨምሩ አሉ። ማገጃው በ13.5 ቮልት 30 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ በፕላስቲክ ላይ ከታሰረ ያቀልጠዋል፤ መታሰር ያለበት በብረት ላይ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ የብርሃኑ አቅጣጫ ነው። ጋራዥ ውስጥ ፓራውላ የምንለው የፊት መብራት እንዲሁ አምፖል የሚቀመጥበት ቤት አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ለተቀመጠ ትንሽ የጋለ ሽቦ በልክ የተሠራ መስታወት ነው። ሽቦው ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አዲሱ የብርሃን ምንጭ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከቦታው ቢንሸራተት ወይም ቅርጹ ቢለይ፣ ወደ መሬት መውረድ የነበረበት ብርሃን ወደ ላይ ያመልጣል። አምፖሉ በሶኬቱ ልክክ ብሎ መግባቱ ብርሃኑ ልክ መሆኑን አያረጋግጥም።

በዚህ ላይ ግራና ቀኝ አለ። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ መስመር ወደ ቀኝ መስመር ከተሻገረች ወዲህ በቀኝ ነው የምንነዳው። በቀኝ ለሚነዳ ሀገር የተሠራ አጭር መብራት በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፤ በቀኝ በኩል ወደ መንገዱ ዳር ከፍ ይላል፤ እግረኛውን እንዲያሳይ። ጃፓን የምትነዳው በግራ ነው፤ ስለዚህ ለጃፓን መንገድ የተሠራ ፓራውላ ከፍ የሚለው በግራ፣ ማለትም በእኛ መንገድ በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ መኪኖች ፓራውላቸውም አብሮ መዛወሩን ባለቤቶቻቸው ሊያረጋግጡ ይገባል። አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ፓራውላ የሚገዛም ሰው ከዋጋው በፊት የሚነዳበትን መስመር ይጠይቅ።

ሦስተኛው ጭነት ነው። ይህ በተለይ የቡና መኪና ለምትነዱ ነው። አጭር መብራት በደንቡ ከአንድ መቶ ሜትር አንድ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ይስተካከላል፤ ይህ በማዕዘን ሲለካ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። ከኋላ ጭነት ሲበዛ የመኪናው አፍንጫ አንድ ዲግሪ ቢነሣ ያ ሁሉ ዝቅታ ይጠፋል፤ አጭሩ መብራት ረጅም ይሆናል። በብዙ መኪኖች መሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ መዘውር አለ። ያ መዘውር ሲጫን መብራቱን ዝቅ ለማድረግ የተሠራ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ነክተነው አናውቅም።

አራተኛው ጉሙ ራሱ ነው። የጉም ጠብታዎች ብርሃንን በየአቅጣጫው ይበትናሉ፤ ከዚያም ከፊሉ ወደ አሽከርካሪው ዓይን ይመለሳል። ስለዚህ በጉም ውስጥ ብርሃን በጨመራችሁ ቁጥር ከፊታችሁ ያለው ነጭ ግድግዳ ይወፍራል። በጣራ ላይ የሚታሰረው ፓውዛ ከሁሉ የሚከፋው፣ ከአሽከርካሪው ዓይን አጠገብ ስለሚነሣ፣ ግድግዳውን የሚያበራው በቀጥታ በእይታው መስመር ላይ በመሆኑ ነው። ቢጫ ብርሃን ጉምን ይሰነጥቃል የሚባለውም ብዙ አይጨበጥም፤ የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጥ ቢጫውንም ነጩንም እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ይበትነዋል። የጉም መብራት የሚረዳው ከባምፐሩ ግርጌ ዝቅ ብሎ ስለሚታሰርና ብርሃኑ ጠፍጣፋ ሆኖ መሬቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። የሚያድነው ግን ከሁሉ በላይ ፍጥነትን መቀነስ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በየሰከንዱ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓይኑ በብርሃን ተወግቶ እስኪመለስ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅበት 50 ሜትር ያህል በጭፍን ተጉዟል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መብራት አትቀይሩ አልልም። የደከመ መብራት ይዞ በዚህ መንገድ መንዳትም ጥፋት ነው። የምለው ቅደም ተከተል እንጠብቅ ነው።

በመጀመሪያ መብራቱ ለምን እንደደከመ እንመርምር። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ የፓራውላው ሽፋን ቢጫ ሆኖ ደብዝዟል፣ ወይም ሽቦው ዝጎ ቮልቴጅ ይጎድላል። ሃሎጅን ቮልቴጁ 10 በመቶ ቢጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። ሽፋኑን ማስወልወል፣ የነጌቲቩን ማሰሪያ አጽድቶ ማጥበቅና ተገቢውን ሃሎጅን መግጠም ብዙ ሰውን ከአዲስ ወጪ ያድነዋል። ነገር ግን በ55 ዋት ፋንታ 100 ዋት አምፖል አይግጠም፤ የሁለቱ አምፖሎች ፍጆታ ከ9 አምፔር ወደ 17 አምፔር ገደማ ስለሚያድግ ሽቦውና ማብሪያው ይግላሉ።

ቀጥሎ፣ አምፖል ከመግዛታችን በፊት የቀን መብራታችን ከየት እንደሚበራ እንወቅ። ሞተሩን አስነሥተን፣ ማብሪያውን ሳንነካ፣ ወርደን ፊቱን እንመልከት። የሚበራው ለብቻው ያለ መብራት ከሆነ መልካም። የሚበራው ዋናው መብራት ከሆነ ግን በዚያ ቦታ ሃሎጅኑ ይቆይ፤ አለዚያ አዲሱ መብራት በሪሌና በፊውዝ በኩል ከባትሪው የራሱን መስመር ያግኝ፤ የቀን መብራቱም ሥራ ለዚሁ ተብሎ ለተሠራ ሌላ መብራት ይተላለፍ። ባለሙያዎች አንድ ነገር ልብ እንድትሉ እለምናለሁ። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ነጌቲቩን ነው። ይህን ሳይለካ ሪሌ የሚያስር ሰው መብራቱ ለምን እንደማይታዘዝለት አያውቅም።

የቀን መብራት በኋላ የሚገጠም ከሆነም ሁለት ሽቦዎች ወሳኝ ናቸው። አንደኛው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር መነሣት አለበት፤ በቀጥታ ከባትሪ ከተነሣ ሌሊቱን ባትሪውን ይጨርሳል። ሁለተኛው ዋናው መብራት ሲበራ የቀን መብራቱን የሚያጠፋው ወይም የሚያደበዝዘው ሽቦ ነው። ይህ ሁለተኛው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታሰር ይቀራል፤ መኪናው ያለ እርሱ የሚሠራ ይመስላልና። የሚጎዳው ግን በሌሊት ከፊት የሚመጣው ሰው ነው።

በመጨረሻ የግድግዳ ፈተና አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። በለጥ ባለ ሜዳ ላይ መኪናችሁን ከግድግዳ 10 ሜትር አቁሙ። የመብራቱን መካከለኛ ቁመት ከመሬት ለኩና በግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ። አጭሩን መብራት አብሩ። ብርሃኑ የሚቆረጥበት መስመር ከምልክቱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ከፍ የሚለውም በቀኝ በኩል ብቻ መሆን አለበት። የሚቆረጥ መስመር ጭራሽ ካልታያችሁ፣ ብርሃኑ እንደ ጭስ በየአቅጣጫው ከተበተነ፣ አምፖሉና ፓራውላው አልተስማሙም፤ ቢያምርም ይውጣ። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የኋላው መብራት መብራቱን ይንገራችሁ።

እኔም በማግስቱ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። መኪናዬን ከግድግዳ ፊት አቁሜ ሳበራ የሚቆረጥ መስመር አልነበረም፤ ብርሃኑ እስከ ጣራው ክፈፍ ወጥቶ ነበር። አምፖሎቹን አስወጥቼ ሃሎጅኖቹን መለስሁ፤ የደበዘዘውን ሽፋን አስወለወልሁ። መንገዱ በቂ ሆኖ ታየኝ። የብርሃንን ሕግ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ሳስተምር ኖሬ፣ ይህን ቀላል ፈተና መኪናው ከጋራዥ በወጣበት ቀን አለማድረጌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የወጣቱን ቡና ዋጋ ከፍያለሁ። የጉልበቱን ቁስልና እነዚያን ጥቂት ሰከንዶች ግን በገንዘብ መመለስ አልቻልሁም።

ወገኖቼ፣ በመኪናችን ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ባለቤቱ ራሱ ሊያየው የማይችለው የራሱን መብራት ነው። የሚያየው መብራቱ ያረፈበትን መንገድ ብቻ ነው፤ መብራቱን የሚያውቁት ከፊትና ከኋላ ያሉት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ከፊት የመጣ ሰው መብራት ብልጭ ሲያደርግባችሁ፣ ከኋላ የደረሰ ሰው ጥሩምባ ሲያሰማባችሁ፣ ለመቆጣት አትቸኩሉ፤ እናንተ የማታዩትን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ስትሄዱም፣ ቀኑ ገና ብሩህ ቢመስላችሁ እንኳ፣ ማብሪያውን በእጃችሁ አዙሩት፤ ከዚያም ወርዳችሁ የኋላውን ተመልከቱ።